የነብር ጅራት፤ ከአውሬ ጋራ በባሕር ላይ ስለ ቀረ ሰው

አባቶች «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» ብለው ተርተዋል። ይህ ተረት በሸንጎም በገበያም የሚነገረው ከማይችለው ጋራ ጠብ ለጀመረ፥ ወይም በቀላሉ ከማይወጣበት ነገር ለገባ ሰው ነው። ነገሩን በሰምና ወርቅ ዐይን ለሚመረምር ሰው ግን ከተረቱ በስተኋላ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ጅራቱን የያዘ ሰው እስከ መቼ ይዞ ይኖራል? እጁስ ሲዝል ምን ይሆናል? ይልቁንም ነብሩ ከዱር የመጣ ሳይሆን ከያዡ ከራሱ ባሕርይ የወጣ ቢሆን፥ ጥፋቱ የማን ይባላል?

ይህ ጥያቄ ከተረት ብቻ የሚነሣ አይደለም። በቅርብ ዘመን ከተጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች መካከል በብዙ አገር የተነበበ አንድ መጽሐፍ ነገሩን ሁሉ በዚሁ ላይ አቁሞታል። ይኸውም ያን ማርቴል የተባለ የካናዳ ደራሲ በ2001 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያወጣው «የፓይ ሕይወት» ነው። መጽሐፉ በሚከተለው ዓመት ቡከር የተባለውን የድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በ2012ም ሲኒማ ሆኖ ታየ። በከተማ ያለ ወጣት መጽሐፉን ባያነበው ሲኒማውን አይቶታልና፥ ነብሩ የምን ምሳሌ ነው ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ የሚመልስለት ቃል ሊኖረው ይገባል።

በአዲስ አበባ ደቡብ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥ 19 ቀን የሚሰበሰበው ሕዝብ ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶነ እሳት እንደ ዳኑ በየዓመቱ ይሰማል። ዳንኤልን በአንበሶች መካከል፥ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋራ ተሥለው ማየት የለመደ ሕዝብ፥ ሰውና አውሬ በአንድ ጀልባ መዋል ማደራቸው ብዙ አያስደንቀውም። ነገር ግን በመጽሐፉና በበዓሉ ታሪክ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳቱ በወጡ ጊዜ ልብሳቸው አልተቃጠለም፤ የእሳት ሽታ እንኳ አልደረሰባቸውም። በልብ ወለዱ ያለው ልጅ ግን ከባሕር የወጣው ሽታው ተከትሎት ነው። ከመከራ የሚተርፉት አብዛኞቹ ሰዎች እንደ ሠለስቱ ደቂቅ ሳይሆን እንደዚህ ልጅ ናቸውና፥ የጥያቄው ክብደት በዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፓይ በሕንድ አገር በፖንዲቼሪ ከተማ የአራዊት ማኖሪያ የነበረው ሰው ልጅ ነው፤ ዕድሜውም 16 ዓመት ነው። ቤተ ሰቡ አገር ለቅቆ ወደ ካናዳ ለመሄድ ከአራዊቱ ጋራ በጃፓን የጭነት መርከብ ሲጓዝ መርከቢቱ ሰጠመች። ልጁ በአንዲት የነፍስ ማዳኛ ጀልባ ተረፈ፤ ነገር ግን በውስጧ እግሩ የተሰበረ የሜዳ አህያ፥ ኦራንጉታን የምትባል የዝንጀሮ ወገን፥ አንድ ጅብና አንድ የሕንድ ነብር አገኘ። ይህ ነብር በኢትዮጵያ ዱር የሚታወቀው ባለ ነጠብጣቡ ሳይሆን፥ ገላው እጅግ የገዘፈ፥ ቆዳው በጥቁር መስመር የተዥጐረጐረ ነው፤ ስሙም ሪቻርድ ፓርከር ይባላል። ጅቡ የሜዳ አህያውንና ዝንጀሮዋን ገደለ፤ ነብሩም ጅቡን ገደለ። ከዚያ በኋላ ልጁና ነብሩ ብቻ ቀርተው 227 ቀን በውቅያኖስ ላይ ኖሩ።

ልጁ በመጀመሪያ ነብሩ የሚሞትበትን መንገድ ያስብ ነበር። በኋላ ግን ነብሩን መግደል እንደማይችል፥ ከጀልባዋም ሊያስወጣው እንደማይቻለው ዐወቀ። ስለዚህ ዓሣ እያጠመደ አበላው፤ የዝናብ ውሃ እያጠራቀመ አጠጣው፤ ፊሽካ እየነፋ ወሰን አበጀለት። ነብሩን ለማኖር ሲል ራሱም ኖረ፤ የነብሩ ፍርሀት ከኀዘንና ከተስፋ መቍረጥ እንቅልፍ አነቃው። በመጨረሻ ጀልባዋ ከሜክሲኮ ዳርቻ በደረሰች ጊዜ ነብሩ ዘልሎ ወረደና ወደ ኋላው ሳይመለከት ዱር ገባ። ልጁም መዳኑን ትቶ፥ ነብሩ ሳይሰናበተው ስለ ሄደ አለቀሰ።

ብቻውን የቀረ ሰውና አውሬ የተገናኙበት መጽሐፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ12ኛው መቶ ዓመት በአንዳሉስ የነበረው የእስላም ፈላስፋ ኢብን ጡፋይል «ሐይ ኢብን የቅዛን» በተባለው መጽሐፉ ሰው በሌለበት ደሴት አንዲት የሜዳ ፍየል አጥብታ ስላሳደገችው ሕፃን ተርኳል። ያች እናቱ በሞተች ጊዜ ልጁ ከእርሷ የተለየው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ደረቷን ከፍቶ መረመረ፤ ከዚያም ተነሥቶ ስለ ነፍስ፥ በኋላም ስለ ፈጣሪ እስከ መመራመር ደረሰ። በ1719 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዳንኤል ዲፎ የተባለው እንግሊዛዊ ያወጣው ሮቢንሰን ክሩሶም መርከቡ ተሰብሮ በደሴት ሲቀር ፍየሎችን አላመደ፤ ለበቀቀንም ስሙን መጥራት አስተማረ፤ በእንስሳቱም ላይ እንደ ንጉሥ ተቀመጠ። እንግዲህ በመጀመሪያው መጽሐፍ እንስሳ እናት ናት፤ በሁለተኛው ከብት ነው፤ በሦስተኛው ግን አውሬው እናትም ከብትም አይደለም፤ ሊበላው የሚችል የጀልባ ጓደኛ ነው። የቀደሙት ሁለቱ ሰው ከፍጥረት በታችና በላይ ያለውን ስፍራ ያሳያሉ። ሦስተኛው የሚያሳየው ግን ሰው ከራሱ ጋራ ያለውን ነገር ነው።

ይህም የሚታወቀው ከመጽሐፉ መጨረሻ ነው። ልጁ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ሁለት የጃፓን መንግሥት ሰዎች መርከቢቱ ስለ ምን እንደ ሰጠመች ሊጠይቁት መጡ። የነብሩን ታሪክ በነገራቸው ጊዜ አላመኑትም። እርሱም ሌላ ታሪክ ነገራቸው። በዚህኛው ታሪክ አውሬ የለም። በጀልባዋ ላይ የተረፉት አራት ሰዎች ናቸው፤ እግሩ የተሰበረ መርከበኛ፥ የልጁ እናት፥ የመርከቢቱ ወጥ ሠሪና ልጁ ራሱ። ወጥ ሠሪው መርከበኛውን ገድሎ ሥጋውን በላ፤ የልጁንም እናት ገደለ፤ ልጁም ወጥ ሠሪውን ገደለ። ሰሚዎቹ ወዲያው አስተዋሉ። የሜዳ አህያው መርከበኛው፥ ዝንጀሮዋ እናቲቱ፥ ጅቡ ወጥ ሠሪው፥ ነብሩም ልጁ ራሱ ነበር። ከዚህ በኋላ ልጁ ከሁለቱ ታሪኮች የሚሻለው የትኛው ነው ብሎ ጠየቃቸው። እነርሱም ባለ አራዊቱ ይሻላል አሉ፤ በጽሑፋቸውም ልጁ ከነብር ጋራ መትረፉን አሰፈሩ።

ደራሲው ለነብሩ የሰጠው ስምም በዋዛ የተሰጠ አይደለም። በ1884 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሚኞኔት የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መርከብ በደቡብ አትላንቲክ ሰጠመች። በጀልባ የተረፉት አራት ሰዎች ናቸው፤ ካፒቴኑ ቶም ደድሊ፥ ኤድዊን ስቲቨንስ፥ ኤድመንድ ብሩክስና የ17 ዓመቱ ልጅ ሪቻርድ ፓርከር። እህልና ውሃ በጠፋ ጊዜ፥ በ20ኛው ቀን ገደማ፥ ካፒቴኑና ስቲቨንስ ተማክረው ታሞ የተኛውን ልጅ አረዱት፤ ሦስቱም ሥጋውን በሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ መርከብ አገኘቻቸው። የእንግሊዝ ዳኞችም ችግር ነፍስ ለመግደል ምክንያት አይሆንም ብለው በደድሊና በስቲቨንስ ላይ የሞት ፍርድ ፈረዱ፤ ፍርዱም በምሕረት ወደ 6 ወር እስራት ተለወጠ። ከዚያም 46 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1838፥ አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በጻፈው ልብ ወለድ በባሕር ላይ ዕጣ ወጥቶበት የሚበላው ሰው ስሙ ሪቻርድ ፓርከር ነበር።

የቅኔ ተማሪ ይህን ሲሰማ ኅብር ነው ይላል። በኅብር አንዱ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። በዚህም ሪቻርድ ፓርከር የሚለው ስም በሰሙ በላተኛው ነብር ሲሆን፥ በወርቁ የተበላው ልጅ ነው። በላተኛው በተበላው ስም ተጠራ። ምሥጢሩ ምንድር ነው ቢሉ፥ ሰው በረኀብና በፍርሀት ተገዶ የባልንጀራውን ነፍስ ሲያጠፋ ከሟቹ ስም ሊለይ አይችልም፤ ነብሩ በልቶ ቢጠግብም የሚጠራው በበላው ሰው ስም ነው ማለት ነው። ቃየል የአቤል ደም ከምድር እንደ ጮኸበት ያስታውሷል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አራዊትን በምሳሌ ማንበብ ከጥንት የለመደችው ነው። ከጽርዕ ወደ ግእዝ ከተተረጐሙት ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ ፊሳልጎስ የአራዊትን ጠባይ እያነሣ ምሥጢሩን ይተረጕማል። አንበሳ አዳኝ ሲከተለው ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል፤ ሲተኛ ዐይኑ አይከደንም፤ ደቦሉ ሞቶ ተወልዶ በሦስተኛው ቀን በአባቱ እስትንፋስ ይነሣል እያለ፥ ይህን ሁሉ ለክርስቶስ ያመሰጥራል። ነገር ግን ያው አንበሳ በሐዋርያው በጴጥሮስ መልእክት የሚውጠውን ፈልጎ የሚዞር የዲያብሎስ ምሳሌ ነው። አንድ አውሬ ሁለት ወርቅ ተሸከመ። እንግዲህ ምሥጢሩ በአውሬው ጥፍር ላይ የተጻፈ አይደለም፤ አውሬው ከሰው ጋራ በቆመበት አቋቋም ይታወቃል።

ስለ ሰው ባሕርይም መምህራን ሲያስተምሩ፥ ነፍስ ልባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት መሆኗን፥ ሥጋም ከ4ቱ ባሕርያት ከነፋስ፥ ከእሳት፥ ከውሃ፥ ከመሬት መገኘቱን ይናገራሉ። ሰው በሥጋው ከእንስሳትና ከአራዊት ጋራ አንድ ጀልባ ተሳፍሯል። ይራባል፤ ይቈጣል፤ ይፈራል። እነዚህ በተፈጥሯቸው ኀጢአት አይደሉም። ረኀብ ባይኖር ሰው ሳይበላ ይሞታል፤ ቍጣ ባይኖር በክፉ ላይ አይነሣም፤ ፍርሀት ባይኖር ከገደል አይመለስም። ፓይ ነብሩ ባይኖር ኖሮ በኀዘን ይሞት ነበር ማለቱ በዚህ በኩል ትክክል ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ኀጢአት በቃየል ደጅ እንደምታደባ ከነገረው በኋላ እንዲነግሥባት አዘዘው እንጂ ደጅህን አፍርስ አላለውም። ናቡከደነፆርም በትዕቢቱ ምክንያት ከሰው ተለይቶ ከምድር አራዊት ጋራ ሣር በበላ ጊዜ አእምሮው የተመለሰለት ዐይኑን ወደ ሰማይ ባነሣ ጊዜ ነው። ጥፋቱ አውሬነት በሰው ውስጥ መኖሩ ሳይሆን፥ አውሬው ነግሦ ልቡና ሎሌ መሆኑ ነው።

ይህን ለማየት የባሕሩን ልጅ ከገዳሙ አባት ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋራ እንደ ኖሩ ገድላቸው ይናገራል፤ መታሰቢያቸው የሆነው የዝቋላም ተራራ አየሩ በጠራ ቀን ከአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ለሚመለከት ሰው በስተደቡብ ይታያል። ጻድቁ አራዊቱን አልገደሉም፤ ልጁም አልገደለም። ጻድቁ አላባረሩም፤ ልጁም አላባረረም። በዚህ ይመሳሰላሉ። ልጁ ግን ነብሩን የገዛው በፊሽካና በዓሣ፥ በፍርሀትም ነው፤ ስለዚህ ረኀቡ በጸና ቁጥር ግዛቱ ይናወጥ ነበር። ማር ይስሐቅ ግን ትሑት ሰው ወደ አራዊት በቀረበ ጊዜ አዳም ከመበደሉ በፊት የነበረውን መዓዛ ከእርሱ አሽትተው እንደሚታዘዙለት ያስተምራል። የመጀመሪያው ጅራት መያዝ ነው፤ ሁለተኛው ግን ነብሩ ራሱ መጥቶ ከእግር በታች መተኛቱ ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያደርሰው መንገድ ትሕትና ነው፤ የትሕትናም መጀመሪያ ጥፋትን በስሙ መጥራት ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፉ ያነሣው ጥያቄ ይፈተናል። ከሁለቱ ታሪኮች የሚሻለው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ለጆሮ ደስ ይላል። ደራሲው በልጁ አንደበት በእግዚአብሔር ማመንም እንዲሁ መሆኑን ያመለክታል፤ ሰው ደረቁን ነገር ትቶ ያማረውን ታሪክ እንዲመርጥ ይጋብዛል። ለዚህ ሐሳብ የሚከራከር ሰው የሚለው አያጣም። አንደኛ፥ ልጁ ያየው ነገር ራቁቱን ሊሸከሙት የማይቻል ነው፤ አራዊቱ ባይኖሩ ኖሮ አፉን ከፍቶ ሊናገረው ባልቻለም ነበር። ሁለተኛ፥ ሁለቱም ታሪኮች መርከቢቱ ስለ ምን እንደ ሰጠመች አያስረዱም፤ በሁለቱም ልጁ ቤተ ሰቡን አጥቷል፤ እንግዲህ ያማረውን ቢመርጡ ማን ይጐዳል?

የመጀመሪያው ክርክር እውነት አለበት። ንጉሡ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን ባስገደለ ጊዜ ነቢዩ ናታን መጥቶ ነፍሰ ገዳይ ብሎ አልጀመረም። ስለ አንዲት ትንሽ በግ ነገረው፤ ብዙ ከብት ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ ነጥቆ ለእንግዳው እንዳረደ። ዳዊት በባለጠጋው ላይ ተቈጥቶ ፍርድ ሰጠ። ናታንም ያን ጊዜ ባለጠጋው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ገለጠለት። ይህ የሰምና ወርቅ ሥርዐት ነው። ሰሙ በጓ ናት፤ ሰሙ ባይኖር ወርቁ ወደ ንጉሡ ጆሮ ባልገባም ነበር። ስለዚህ የባሕሩ ልጅ በነብር መጀመሩ አያስነቅፈውም። አንጥረኛ በሰም ቅርጽ ያበጃል፤ ወርቁም የሚፈስበት ቅርጽ ያስፈልገዋልና።

ሁለተኛው ክርክር ግን አይቆምም። አንጥረኛው ሰሙን ያበጀው ሊያቀልጠው ነው። ወርቁ ከፈሰሰ በኋላ ሰሙንና ወርቁን ጐን ለጐን አስቀምጦ የትኛው ያምራል ብሎ የሚጠይቅ አንጥረኛ የለም። ናታን ከሁለቱ ታሪኮች የትኛው ይሻልሃል ብሎ ዳዊትን ቢጠይቀው ኖሮ ዳዊት የበጓን ይመርጥ ነበር፤ ንስሐም ባልገባ ነበር፤ የኦርዮንም ደም ያለ ጠያቂ በቀረ ነበር። ያማረውን መምረጥ ማንን ይጐዳል ለሚል መልሱ ይኸው ነው፤ አስቀድሞ የሞቱትን ይጐዳል፤ ሞታቸው በሜዳ አህያና በዝንጀሮ ሞት ተለውጦ ይቀራልና። ከዚያም የተረፈውን ይጐዳል፤ ሸክሙን ሳያወርድ ተሸፋፍኖ ይሄዳልና። ስለ ሃይማኖትም ቢሆን፥ ሐዋርያት የመሰከሩት ያዩትንና የሰሙትን ነው፤ የመሰከሩትም ከሌላው ታሪክ ስላማረ አይደለም፤ የመስቀል ነገር በዚያ ዘመን ለአይሁድ ዕንቅፋት፥ ለአሕዛብ ሞኝነት ነበርና። ያማረ ታሪክ መርጦ የተቀበለ ሰው ነገ የበለጠ ያማረ ሲያገኝ ይለቀዋል።

ከዚህም በላይ አውሬው ነው ያደረገው ማለት በዓለም ላይ የመጀመሪያው ምክንያት ነው። አዳም በሔዋን አሳበበ፤ ሔዋንም በእባብ አሳበበች። እባቡ በእውነት ነበር፤ አሳሳች መሆኑም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የእባቡ መኖር የበላውን እጅ አላጠበውም። እንዲሁ የባሕሩ ልጅ ረኀቡ እውነት ነው፤ እናቱን የገደለበት ሰው ክፋት እውነት ነው፤ ፍርሀቱም እውነት ነው። ዳኛም ሆነ ካህን ይህን ሁሉ ሳይመዝን ቢፈርድበት ግፍ ይሆናል። ሆኖም ነብሩ ያለው ከውጭ ነው ካለ ልጁ አይድንም፤ ነብሩ እኔ ነበርሁ ካለ ግን የመዳን መንገድ ይጀመርለታል።

ይህ ነገር በልብ ወለድ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላስጨነቀ ነበር። ከኢትዮጵያ ተነሥተው ከጅቡቲ ዳርቻ በትንንሽ ጀልባ ወደ የመን የተሻገሩ፥ በሱዳንና በሊቢያ በረሓ አልፈው በሜዲትራኒያን ባሕር ወደ አውሮፓ የሞከሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። በመንገድ የቀሩ አሉ፤ የተመለሱም አሉ። ከተመለሱትም መካከል አንዱ በጎፋ ወይም በሌላ አጥቢያ ከነፍስ አባቱ ፊት ቢቀመጥ፥ ውሃ ባለቀ ጊዜ ማን እንደ ጠጣና ማን እንደ ተከለከለ፥ ጀልባዋ በከበደች ጊዜ ማን እንደ ተገፋ፥ የወደቀውን ጓደኛ ማን ጥሎት እንደ ሄደ የሚያውቀው እርሱ ነው። ምናልባት እጁ ንጹሕ ይሆናል፤ ምናልባትም አይሆንም። ምናልባት ምንም ሳይበድል መትረፉ ራሱ እንደ በደል ይከብደው ይሆናል።

እንዲህ ያለው ሰው ነገሩን በጅብና በነብር ቢጀምር ካህኑ እንደ ጃፓኖቹ መርማሪዎች ሊሆን አይገባውም። እነርሱ ሁለት ጥፋት አጥፍተዋል። በመጀመሪያ ልጁ ገና ሰሙን ሲያበጅ አላምንህም ብለው አጣደፉት፤ በኋላም ወርቁ በወጣ ጊዜ ስላስደነገጣቸው ወደ ሰሙ ተመለሱ፤ ልጁንም ከነሸክሙ ትተውት ሄዱ። የነፍስ አባት ግን የሁለቱን ተቃራኒ ያደርጋል። ልጁ በምሳሌ ሲናገር በትዕግሥት ይሰማዋል፤ እውነቱ በወጣ ጊዜ ደግሞ አይሸሽም። የተበደለበትን ከበደለው ይለይለታል፤ ያልበደለውን በደልሁ ካለ ያጽናናዋል፤ የበደለውንም ቀኖና ሰጥቶ በእግዚአብሔር ምሕረት ያሳርፈዋል። ከባሕር የተረፈ ሰው ከልብሱ የእሳት ሽታ የሚለቅለት በዚህ መንገድ ነው፤ ሽቱ በመቀባት አይደለም።

ምሳሌ ለሚፈልግም ከሩቅ መሄድ አያሻም፤ የኢትዮጵያ ጵጵስና የተጀመረው ከባሕር መንገድ አደጋ በተረፈ ሰው ነው። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንደ ጻፈው፥ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ብላቴኖች ይዞ ሲጓዝ መርከቡ ውሃና ስንቅ ለመያዝ ወደ ዳርቻ ቀረበች። በዚያን ጊዜ ያገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋራ የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቢቱ ያሉትን ሁሉ ገደሉ። ብላቴኖቹ ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ ግን ከዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ታዘነላቸውና ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ኤድስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስም የመዝገብና የጽሕፈት ሹም ሆኑ። ንጉሡ በሞተ ጊዜ ነጻ ወጡ፤ ነገር ግን ንግሥቲቱ ሕፃኑ ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም እሺ አሉ።

በዚህ ታሪክ አውሬ የለም፤ የሰው አውሬነት ግን አለ። ፍሬምናጦስ አሳዳጊውን ከገደሉበት ሰዎች አገር ሥልጣን በእጁ ገባ፤ የበቀል ነብር ከልቡ ቢነሣ ጅራቱን ለቅቆ ሊሰደው የሚችልበት ቀን ነበር። ጸሐፊው በልቡ ያለፈውን አይነግረንም፤ ሥራው ግን ይታወቃል። በዚያው አገር ላሉ ክርስቲያን ነጋዴዎች የጸሎት ስፍራ እንዲኖር ተጋ፤ በኋላም ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ እንዲሰጥ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ፤ አትናቴዎስም ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ መለሰው። ቤተ ክርስቲያንም ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ብላ ጠራችው። የሹመቱን በዓል የምታከብረው ታኅሣሥ 18 ቀን፥ በቅዱስ ገብርኤል በዓል ዋዜማ ነው።

ኤድስዮስ ደግሞ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቅስና ተቀበለ፤ ሩፊኖስም ይህን ታሪክ ከራሱ ከኤድስዮስ አፍ እንደ ሰማ ይመሰክራል። ይህም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከሞት የተረፈው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ታሪኩን ሲናገር ገዳዮቹን ጅብ፥ ሟቾቹን በግ አላደረጋቸውም። ግድያውን ግድያ ብሎ ተናገረ፤ የታዘነለትንም ምሕረት ምሕረት ብሎ ተናገረ። ያገሬውን ሰው ክፋት ሳይሸሽግ፥ የዚያውኑ ሕዝብ መዳን ተርኳል። ሁለቱን ነገር በአንድ አፍ መናገር የቻለው እውነቱን ስላልመረጠ ሳይሆን ስለ ተሸከመው ነው።

እንግዲህ ወደ ተረቱ እንመለስ። የነብርን ጅራት የያዘ ሰው እስከ መቼ ይዞ ይኖራል ተብሎ ተጠይቆ ነበር። በጀልባ ላይ ሳለ፥ ባሕሩም ገና ሳያልቅ፥ ይያዝ፤ ይመግብ፤ ወሰንም ያብጅለት፤ ይህ ጥበብ ነው። ከዳርቻ በደረሰ ጊዜ ግን ነብሩ ሳይሰናበተው ወደ ዱር እንዲገባ ቢተወው፥ ነብሩ የሄደ ይመስለዋል እንጂ አይሄድም፤ ስሙ ያልተጠራ አውሬ መመለሻውን ያውቃልና። ዳርቻ የደረሰ ሰው ነብሩን በስሙ ጠርቶ፥ ነብሩ እኔ ነኝ ብሎ፥ ጅራቱን ለሚችለው ጌታ ያስረክብ። ሰሚውም ያማረውን ታሪክ ከመምረጥ ይልቅ፥ እውነቱን እስከ መጨረሻው ለመስማት ይቀመጥ።